አባቴ በብሎጋችን የሞተ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «አንቺ፣ የመርሳው የሰይድ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ደህና አድርጋ አየችኝና «አባትሽ እስካሁን አልሞቱም?» ብላ ጠየቀች። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደንግጦ ዞረ። እኔን ግን ሳቄ ቀደመኝ፤ እሷም በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። «ድምፄ እኮ ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ ነው የከረመው፤ እንደሳቸው አድርጌ ያለቀስኩለት ሰው የለም። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ሌላ አልቃሽ ይፈልጉ፣ እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ በያቸው» አለች። ሰውዬው ይበልጥ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ሴትዮዋ የሐራ ሰው ናት፤ እህቷን ለመጠየቅ ወደ መርሳ እየሄደች ነው። መንገዱን ሙሉ ስናወራ ሲሪንቃን ማለፋችንንም አላየሁም። ቤት ስገባ ደብተር አወጣሁ። እናቴ አየችኝና «ደግሞ ምን ልትጽፊ ነው?» አለች። ትዝታ አልኳት። «አስራ ስምንት ዓመት ሳይሞላሽ? ትዝታ እኮ ጥርስ ሲነቃነቅ ነው የሚመጣው።» ምን ላድርግ፣ የኔው ቸኩሎ መጣ። ጦርነት ያየ ልጅ «ያኔ» ማለት ቶሎ ይለምዳል።

ያኔ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን ባጃጅ በሦስት ብር ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ብር ይዞ ባጃጅ ውስጥ አንገቱን የሚያስገባ ሰው የለም። ያኔ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አንድ ብር ነበር። ማንጎ በወቅቱ መንገድ ዳር በባልዲ ተደርድሮ፣ የደሴ መኪና በቆመ ቁጥር ባልዲው በመስኮት ይገባል፣ ባዶው በመስኮት ይወጣል፤ ሻጮቹ ኪሎ የሚባል ነገር አያውቁም፣ በባልዲ ነው፣ ከላይ ደግሞ ምራቂ ሁለት ሦስት ፍሬ ይጨመራል። የዛሬዎቹ ሚዛን ይዘው ሲቆሙ ሳይ የሆነ ነገር የተሰረቅኩ ይመስለኛል። ያኔ የሰፈራችን ሴት ልጆች ሁሉ ጫፉ ላይ ጨሌ የተሰፋበት ሻሽ ነበር የምንለብሰው። የኔ ሲገዛ ቀይ ነበር፣ ፀሐይ ሲጠጣው ሮዝ ሆነ፣ እኔም ሮዝ እንደገዛሁ አስመስዬ አንድ ዓመት ለበስኩት። ባጃጆቹ ጠዋት መንዙማ ይከፍታሉ፣ ከሰዓት አምባሰል። ሾፌሩ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም በዘፈኑ አይታወቅም፤ ለሁለቱም ጭንቅላት እኩል ይወዛወዛል።

አባቴ ሰይድ በሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ሁሉ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኖ ሲዞር ኖሯል። ሁለት ጥንድ ጫማ በዓመት ይጨርስ እንደነበር እናቴ ትናገራለች። ጉልበቱ እየደከመ ሲሄድ ሥራውን ለቀቀና ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት የማንጎና የብርቱካን ችግኝ ማፍላት ጀመረ። ከዚያም በቆርቆሮ ላይ «የአትክልትና ፍራፍሬ ማማከር አገልግሎት» አስጽፎ በራችን ላይ ሰቀለ። ሰው መጣ። ብዙ ሰው መጣ። «ሰይዶ፣ ብርቱካኔ ቅጠሉን የጠቀለለው ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። አባቴ ይነግራቸዋል፣ አንዳንዴ ሥዕል መሬት ላይ ይስልላቸዋል። ሲጨርስ ይነሳሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው ይመርቁትና ይሄዳሉ። በቃ። ቆርቆሮው ላይ «አገልግሎት» የሚለውን ቃል ማንም ከክፍያ ጋር አላገናኘውም። ምክር በኛ አገር አይሸጥም፤ የሚያውቅ ይነግራል፣ የተነገረው ይመርቃል። እናቴ የዘይት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ እያየች «ያንተ ዕድሜ ረዘመ፣ የኔ ዘይት አጠረ» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል። ክፈሉኝ ለማለት ግን አፉ አይፈታለትም። «የጎረቤቴን ማንጎ ዛፍ አይቼ ገንዘብ ብቀበል፣ በመንገድ ሲያገኘኝ እንዴት ብዬ ሰላም እለዋለሁ?» ይላል።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ አስፋልቱ ዳር ባለችው የእትዬ የሺ ጽሕፈት ቤት እየሄድኩ ማመልከቻ እተይባለሁ፤ እትዬ የሺ ደግሞ በለውጡ ኢንተርኔት ታስጠቅመኛለች። ኮምፒውተሯ ያረጀ ነው፤ የፊደል ቁልፎቹ ተፍቀው ግማሾቹ ባዶ ስለሆኑ የማያውቃቸው ሰው አንድ መስመር አይጽፍም። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው በማማከር የሚተዳደሩ ሰዎች ብሎግ የሚባል ነገር እንዳላቸው ያወቅኩት። የሚያውቁትን በነጻ ይጽፋሉ። ያነበበ ያምናቸዋል፣ ያመነ ይጠራቸዋል፣ የጠራ ይከፍላል። ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት።

«ታዲያ ይኼ እኔ በየቀኑ የማደርገው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ነው፤ ግን አንተ የምትነግረው ለአንድ ሰው ነው። እሱ ሲሄድ ምክሩም አብሮት ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን ይቀመጣል፣ ሐራም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያነበዋል።»

«ክፍያውስ?»

«ለምክሩ አትቀበልም። ና ብለው ከጠሩህ ግን የምትሄድበትን ይከፍሉሃል።»

ትንሽ አሰበና «እግርን ማስከፈል ነውር የለውም» አለ። እንደዚያ ሆኖ «የሰይድ ጓሮ» የሚል ብሎግ ከፈትን። ከስሙ ሥር «ምክሬ በነጻ፣ እግሬ በዋጋ» የሚለውን ያጻፈኝ እሱ ነው።

ግን አስቸገረኝ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጓሮው ውስጥ እየተመላለሰ ነው የሚያጽፈኝ፤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላል። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ውርጌሳ ያላችሁ እንዴት ሰነበታችሁ? ነፋሱ ቆመላችሁ? ሲሪንቃ ያላችሁ ደህና ናችሁ? ሐራ ያላችሁ፣ ሙቀቱ እንዴት አድርጓችኋል? ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው ሁሉ አማን ነው? መርሳዎች እናንተን ጠዋት ጠይቄያችኋለሁ፤ ግን ከሰዓትም አይከፋም…» እንዲህ እያለ ከወንዙ ወዲህ እስከ ወንዙ ማዶ ይዞራል። እኔ ደግሞ የማማከር ብሎግ እንዴት እንደሚጻፍ አንብቤያለሁ፤ አጭር፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ፣ አንባቢ ጊዜ የለውም ይላል።

«አባዬ፣ ሰላምታውን እንቁረጠው።»

«ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳይ የሚያነሳ ለማኝ ነው።»

እትዬ የሺ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሆና «ተይው ልጄ፤ እኔ እንኳ ምኑንም ሳልተክል ሰላምታውን ለመስማት ነው የማነበው» ትለኛለች። ተውኩት። እናም ይነበብ ጀመር። ሐራ ገበያ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ጮክ ብሎ እንደሚያነብና ሌላው ሻዩን ይዞ እንደሚሰማ የሰማሁት ኋላ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ሲሪንቃ የአባቱ መሬት ያለው ሰው ደውሎ «ጋሽ ሰይድ፣ መሬቱን አይተው ምን እንደምተክል ይንገሩኝ፣ የሚሄዱበትን ልላክ» አለ። አባቴ ከሲሪንቃ ሲመለስ ለእናቴ ዘይት፣ ለኔ አዲስ ሻሽ ገዛ። ይኼኛው አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ከቆቦ ተደወለ፣ ከውርጌሳ ተደወለ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን መንገድ ላይ መዋል ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነገር እውነት ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ መጣ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ከኔ የበለጠ ያጣ ሞልቷል። መጀመሪያ የሄደው ኔትወርክ ነው። ስልክ ሁሉ ሰዓት ማያ ሆነ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲቀርብ በእግራችን ወጥተን የእናቴ ዘመዶች ገጠር ሄድን፤ የአባቴ ስልክ በዚያ መንገድ ላይ ወደቀ። ከሳምንታት በኋላ ስንመለስ ቤታችን ቆሟል፣ የጓሮው የውኃ ሞተር ግን የለም። ማን እንደወሰደው እስካሁን አናውቅም። መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ወፍጮ የለም። ጨው በሻይ ማንኪያ ተሰፍሮ ሲሸጥ አይቻለሁ። የዘይት ጠርሙሱን ማንሳት እናቴ ራሷ ተወችው። እና በዚያ መሀል አንድ ቀን አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ደብተር አምጪ» አለኝ።

«ኔትወርክ የለም እኮ።»

«ሲመጣ ሰው የሚጠይቀው ብዙ ነው። ያኔ እንጻፍ ካልን አንደርስም።»

ጻፍን። ያለ ሞተር ችግኝ እንዴት እንደሚቆይ፣ የደረቀ የመሰለ ዛፍ መሞቱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የሽንኩርት ዘር የት እንደሚቀመጥ። ብዙ ደብተር ስላልነበረን ከሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት። አባቴ ሰላምታውን አንድም ቀን አላሳጠረም። ውርጌሳ ማን እንዳለ፣ ሐራ ማን እንደተረፈ በማናውቅበት ጊዜ ሁሉንም በየስፍራቸው ይጠራል። አንድ ቀን «ሐራ ያላችሁ» ካለ በኋላ ቆሞ ቀረ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ ችግኞቹ አዙሯል። ቆይቶ «ጽፈሻል?» አለኝ። ጽፌያለሁ አልኩት። አልጻፍኩም ነበር። ወረቀት ልቆጥብ ብዬ በየጽሑፉ መጀመሪያ ላይ «ሰላምታ እንደተለመደው» የሚል ብቻ ነበር የማኖረው።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ራቅ ካለ በኋላ አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሁሴን፣ በመንገደኛ ወረቀት ላከ። ለአባቴ የሲሚንቶ መጋዘን ጠባቂነት ሥራ አግኝቶለታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁታል። አባቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ችግኙ ሁለት ሦስተኛው ደርቋል፣ ሞተር የለም፣ ስልክ የለም፣ የሚጠራው ሰው የለም። «እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ሰው ‹ና› ካለኝ እቀራለሁ፤ ካላለኝ እንሄዳለን» አለ። እናቴ በማግስቱ ዕቃ መለየት ጀመረች፤ የሚሄድ በአንድ በኩል፣ ለጎረቤት የሚሰጥ በሌላ በኩል። አባቴ ሃያ ዓመት ዛፍ ያስተከለ ሰው ነው፤ የሲሚንቶ ጆንያ ሲጠብቅ ላስበው ሞከርኩና አልሆነልኝም።

ኔትወርኩ የመጣ ቀን መርሳ እንዴት ሆና እንደነበር አልረሳም። ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጮሃል፣ መንገድ ላይ የሚያለቅስና የሚስቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይተላለፋል። እትዬ የሺ ኮምፒውተሯን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራ ነበር ያተረፈችው፤ ስትከፍተው ከቁልፎቹ መሀል ጤፍ ይበተናል። ቁጭ ብዬ የባዮሎጂ ደብተሬን ገለበጥኩ። ወሩ ሊያልቅ አስር ቀን ቀርቶታል። ይኼ ለኔ ፈተና ነበር። አባቴን የሚጠራ ሰው የሚገኘው ጽሑፉ በደንብ ከተጻፈ ነው፣ በደንብ ማለት ደግሞ እንዳነበብኩት ነው፤ አጭር፣ ቀጥታ። «ሰላምታ እንደተለመደው» የሚለውን ዘለልኩት። «ማንጎዎ ደርቋል? ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ያድርጉ» ብዬ ጀመርኩ። ግንዱን በጥፍር ፋቅ ማድረግ፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ አልሞተም፣ ታገሡት። አምስት ጽሑፍ በአንድ ቀን አወጣሁ። እውነት ለመናገር በጣም ኮርቼ ነበር፤ እትዬ የሺን ጠርቼ «እይው፣ የአዲስ አበባ ብሎግ አይመስልም?» አልኳት። አየችውና «ይመስላል» አለች፣ ግን ፊቷ አልሳቀም።

በማግስቱ አስተያየቶቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል። የማንጎ ዛፍ የደረቀበት ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሳዘነኝ። ሁለተኛው «አላህ ይዘንላቸው» ይላል። ሦስተኛው «ነፍስ ይማር፣ ጽናቱን ይስጣችሁ»። በዚያ ጊዜ ሰው ለሰው የሚለው ይኼንኑ ነበር፤ ያልሞተበት ቤት አልነበረም። ለሁሉም ደግሞ በትህትና መለስኩ፤ «አሚን፣ ለእናንተም» እያልኩ፣ አንዱንም ሳልዘል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጥላ ሥር ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ አባቴ ከወንዙ በባልዲ ውኃ ለማምጣት ወርዷል። በአስፋልቱ በኩል የኢሱዙ ድምፅ መጣና ቆመ። ቀጥሎ ለቅሶ ተሰማ። ሴቶች ናቸው፣ ወደ ሰፈራችን እየቀረቡ ነው። በኛ አገር ለቅሶ ደጅህ ከደረሰ መጀመሪያ ታለቅሳለህ፣ ማን እንደሞተ ኋላ ትጠይቃለህ፤ ዓይንህ ደርቆ «ማን ነው?» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ እናቴ ምስሩን ደፍታ ብድግ አለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እያለቀሰች ወጣች። ሴቶቹ በራችን ላይ ሲያገኟት ይበልጥ ጮኹ። ያቺ የሚኒባሷ ሴት ናት አንገቷን አቅፋ «ምን ቀረሽ እህቴ፣ ምን ቀረሽ» ያለቻት። እናቴ ይኼን ስትሰማ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ የሞተ መሰላትና የእውነቷን ወደቀች። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ በሳሙና እጄ ዓይኔን እያሸሁ አለቀስኩ፤ ሳሙናውም ረዳኝ።

ወንዶቹ ጓሮው ውስጥ ባነጠፍንላቸው ሰሌን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከሐራ የመጡ አሉ፣ ከሲሪንቃ በመንገድ የተጫኑ፣ ከውርጌሳም በበኩላቸው የደረሱ አሉ። ከፊት ሐጂ ይመር ናቸው፤ የሐራ መስኖ ተጠቃሚዎች ሰብሳቢ፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዱዓ ጀመሩ። በዚህ መሀል አባቴ በጓሮው በር በኩል ባልዲውን ይዞ ገባ። ፀሐይ ስለነበረ ጋቢውን ከራሱ ላይ ተከናንቧል። ቤቱ ለቅሶ ላይ መሆኑን ሲያይ ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጠ። መዳፉን ዘረጋ። አጠገቡ ያለውን የውርጌሳ ሰው በሹክሹክታ ጠየቀው።

«ማን ነው የሞተው?»

«ሰይድ ነዋ።»

«የቱ ሰይድ?»

«የማንጎው።»

አባቴ ኋላ ሲነግረን፣ ለጥቂት ጊዜ ሌላ የማንጎ ሰይድ መኖሩን ሳላውቅ ቀረሁ ብዬ አዝኜ ነበር ይላል። «ምን አገኛቸው?» አለ።

«ማን ያውቃል፣ ጊዜው ነው። ሰላም እንኳ ሳይሉን ቀሩ፤ ምክራቸውን ሌላ ሰው ነው የጻፈው።»

ይኼኔ አባቴ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። ሐጂም ዱዓውን ጨርሰው መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሻሽተው ዓይናቸውን ገለጡ። አዩት። 

«ሰይድ፣ አንተ ነህ?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

«ነኝ ሐጂ። አንቱ እንዴት ነዎት? ሐራ እንዴት ነው? ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው አማን ነው?»

«እሱ ነው» አሉ ሐጂ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «አልሐምዱሊላህ። ራሱ ነው።»

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና በሁለት እጇ ትከሻውን ትመታው ጀመር፤ «እኔን ገድለህ አንተ ቆመሃል» እያለች። ሴቶቹ ለቅሶውን ወደ ሳቅ ለማዞር ጊዜ ወሰደባቸው፤ አንዳንዷ ሁለቱንም ባንድ ላይ ስታደርግ ነበር። እትዬ የሺ ጥቁር ሻሽ አስራ እየሮጠች ደረሰች። «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት አብረን ሻይ አልጠጣንም እንዴ?» አለችው። «ታዲያ ለምን አለቀስሽ?» ቢላት «ሰው ሲሮጥ አይቼ ነዋ፣ አለመሮጥ ይቻላል?» አለች።

ሐጂ ግን አልሳቁም። «ብሎጉን ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ወደኔ አየ።  ቀርቤ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ወረቀት መቆጠቤን፣ የማማከር ብሎግ አጭር መሆን አለበት የሚለውን፣ «አሚን» እያልኩ መመለሴንም።

«ልጄ» አሉኝ ሐጂ፣ «እኛ ዛፍ የሌለን ሰዎች ነን? ምክሩ መቼም ጥሩ ነው። ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰውዬው ‹ሐራ ያላችሁ› ብሎ ሲያነብ እኛ ምን እንደምንል ታውቂያለሽ? ‹አለን› እንላለን። ሁላችንም። አምስት ወር ‹አላችሁ ወይ› ያለን ሰው የለም። ኔትወርክ ሲመጣ አንድ ያልነው ነገር ቢኖር ‹የሰይድን ክፈተው› ነው። ተከፈተ። ‹ማንጎዎ ደርቋል› አለን። የሚጠራን ሰው ሞቷል አልን፤ ሰይድ በሕይወቱ ሰላም ሳይለን ደረቅ ነገር አይነግረንም። ስልኩ ላይ ብንደውል ዝግ ነው። አንቺ ደግሞ ‹አሚን› አልሽ።»

 አባቴ ሊቆጣኝ ነው፣ ብሎጉም አበቃ ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የባልዲውን ውኃ ለችግኞቹ ማካፈል ጀመረ። «ያለፈው ክረምት የእጅ ጽሑፏ እንኳ የሸረሪት ድር ይመስል ነበር፤ አሁን ደብተር ሙሉ ሥራ ይዛ ቆማለች። ሰላምታውን እኔ አስተምራታለሁ፣ አብሽሩ» አለ። ከሁሉም ይልቅ ያቺን «ደብተር ሙሉ ሥራ» የምትለውን እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። እነሆ መጻፍ ያልፈራሁትም ለዚህ ይመስለኛል።

ለቀስተኞቹ ዳቦና ንፍሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ የሞተ ሰው በሌለበት ቤት ተበላ፣ ሟቹም አብሮ በላ። ሲጨርሱ ሐጂ ከጃኬታቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው አባቴ ጉልበት ላይ አኖሩት። ከየመንደሩ ለሟች ቤተሰብ የተዋጣ ነው። አባቴ እንደ ትኩስ ነገር ወደ ኋላ ገፋው።

«ሐጂ፣ አልሞትኩም እኮ።»

«የለቅሶ መዋጮ ወደ ቤት አይመለስም። ይዘነው ብንገባ ሌላ ሞት እንጠራለን፤ ይኼን አንተም ታውቃለህ።»

«ባልሞትኩበት አልቀበልም።»

ተገፋፉበት። ቋጠሮው ከጉልበት ጉልበት ሲሄድ ሰው ሁሉ በዓይኑ ይከተለዋል። በመጨረሻ ሐጂ በሁለት እጃቸው ያዙትና ቆሙ። «ደህና፣ እንግዲያስ ‹ምክሬ በነጻ፣ እግሬ በዋጋ› ያልከው አንተ አይደለህም? እግርህን ስጠን። የሐራ ብርቱካን ግማሹ ደርቋል፣ የትኛው እንደሞተ፣ የትኛው እንደተኛ የሚለይልን የለም። ሲሪንቃም እንዲሁ ነው፣ ውርጌሳም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየዞርክ እይልን። ችግኝም አፍላልን፣ ሞተሩን እኛ በየተራ እናውስሃለን። ና ብለንሃል።»

አባቴ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ለጎረቤት ለይታ ያስቀመጠቻቸውን ዕቃዎች አየች፣ ከዚያ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዛሬ ብሎጋችን ራቅ ካሉ ወረዳዎች ሳይቀር ይነበባል፤ አባቴም ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ቀጥሮ በየማሳው ይልካል። የሰላምታው ርዝመት አሁን አንድ ገጽ ተኩል ደርሷል፤ አንድ ፊደል አልነካም። ግን እኔ እንዲህ ብዬ ላበቃ አልፈልግም፤ የዚያን ቀን ከሰዓት ነው ማየት የምወደው። ሐጂ «ነገ ሳይሆን ዛሬ» ብለው አባቴን ከለቀስተኞቹ ጋር በኢሱዙው ጫኑት። እኔም በባዮሎጂ ደብተሬ ልጽፍ አብሬ ወጣሁ። ያቺ ሴት ድምፅዋ ተዘግቶ በምልክት ቦታ ሰጠችኝ። ወልድያን አልፈን ወደ ሐራ ስንታጠፍ አባቴ የሐጂን ስልክ ተውሶ ለአጎቴ ለሁሴን ደወለ። ንፋስ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎታል፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«ሁሴን፣ አልመጣም።»

«እንዴት አትመጣም? ምን ተገኘ?»

«ሥራ አገኘሁ።»

«ከየት?»

«ከለቅሶዬ።»

 አጎቴ በተሰላቸ ድምፅ «እንግዲህ የመጋዘኑን ሰዎች ምን ልበላቸው? አንድ ወር ሙሉ ለምኜ ነው ቦታውን ያስቆየሁልህ» አለ።

አባቴ መንገዱ ዳር የቆሙትን የደረቁ ብርቱካኖች አየ፣ ቀጥሎ እኛን አየ።

«ሞተ በላቸው» አለው።